ፓውደር በለቅሶ ቤት

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ወንድምሽ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሳይሞላው ትኳኳያለሽ?»

ጎረቤቷ አየለች አፏን በእጇ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቀረች። ትርንጎ ግን ከመስተዋቱ ቀና አላለችም። የተዋሰችውን የፊት ፓውደር ከቁንጥር የቡና ዱቄት ጋር በቅቤ ለውሳ፣ የዓይኗን ሥር በጣቷ ጫፍ ትቀባለች። ስታስታምም፣ ከዚያም ስታለቅስ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሳምንት አልፏታል። ዓይኗ ጎድጉዶ ዙሪያው ከሰል መስሏል።

«እማዬ ዘንድ ልሄድ ነው» አለች። «ይህን ዓይን ይዤ ብገባ መርዶ ነጋሪዋ እኔው መሆኔ አይደል?»



ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ፋንታሁን መተማ ላይ ንዳድ ይዞት መጣና ጎንደር ቁስቋም፣ እዚሁ እህቱ ቤት ሞተ። እናታቸው እናኑ የምትኖረው ከከተማው ራቅ ብሎ ኮሶዬ ነው፤ ሳንባ ምች ጥሏት ሰንብቶ ገና መነሳቷ ነው። ሽማግሌዎች መክረው፣ መርዶው እሑድ ንጋት ላይ የነፍስ አባቷ ባሉበት ይነገራት አሉ። ሸጋ። ግን ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከጎንደር የሚመለሰው ሁሉ ደግሞ አፍ አለው። አንዱ ወፈፌ ባጥር በኩል «እግዜር ያጥናሽ» ቢላትስ? ደካማዋ እናት ብቻዋን፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር ልትሰማው ነው። ትርንጎ ይህ እንዳይሆን ቆርጣለች። ፀጉሯንም ለዚሁ ብላ አልተላጨችም።

ጣልያን በሠራው መንገድ ማኪናው ሽቅብ ሲያቃስት፣ ቅቡ እንዳይታጠብ እንባዋን ዋጠች። የፋንታሁን ትዝታ ግን አልተዋት አለ። የሠርጓ ዕለት የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ሙሽራውን አድማሴን አስምሎት ነበር። «እጅህን ያነሳህባት ቀን ከዚህ በእግሬ እመጣልሃለሁ!» ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አድማሴም እንኳን እጁን ድምፁን አንስቶባት አያውቅም።

እናኑ ልጇን አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።

«ምንድን ነው የተቀባሽው?»

«የከተማ ነገር ነው፣ እማዬ።»

«ምነው ታዲያ ከሥሩ ጠቆረ?» የአሮጊቷ ድምፅ ወረደ። «አድማሴ መታሽ?»

ትርንጎ ክው አለች። አልመታኝም ብትል፣ ታዲያ ምን ሆንሽ መምጣቱ ነው። ያን ደግ ሰው በሆዷ ይቅር በለኝ ብላ አንገቷን ደፋች።

«መታኝ።»

«አይዞሽ፣ ወንድም አለሽ! ፋንታሁን ከመተማ ይመለስ ብቻ፤ ያሳየዋል!»

«ይመለስ፣ እማዬ» አለች ትርንጎ፤ ጥርሷን ነክሳ።

ቅዳሜን ሙሉ ጥጥ እየፈተለች ደጃፉን ጠበቀች። መጪውን ሁሉ በዓይኗ እየጠቀሰች መለሰች። አንድም ሰው አላሳለፈችም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው አያ ጎሹ፣ የእናኑ የነፍስ አባት አባ ተክለ ጊዮርጊስና አድማሴ ሰዎች አስከትለው ግቢው ገቡ። እናኑ አድማሴ ሽማግሌ ይዞ ሊታረቅ የመጣ መስሏት በሩ ላይ ቆመች።

«አያ ጎሹ፣ ለእርቅ ከሆነ ይመለሱ! ወንድሟ ሳይኖር አልታረቅም!»

አድማሴ የምን እርቅ እንደሆነ ግራ ገባው። «ወንድሟ» ስትል ግን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አያ ጎሹ አንገታቸውን ደፉ፤ አባም መስቀላቸውን አወጡ። እናኑ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«አልመታሽማ?»

«አልመታኝም፣ እማዬ።»

«ምነው በመታሽ!» አለች እናኑ። «ምነው በመታሽ፣ ልጄ!»

ትርንጎ የእናቷን ወገብ ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት፤ አልለቀቀቻትምም። እናኑ የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«በቃ፣ አሁን አልቅሺ» አለቻትና፣ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ የዓይኗን ሥር ትጠርግላት ጀመር።