ያልደረቀው ቫርኒሽ

አናጢው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤቱ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አሮጌ የጎልፍ ዱላዎችን ያድሳል። ዝገት የበላውን የብረት ዱላ ላምባ ውስጥ ነክሮ፣ በሽቦ ፈትጎ፣ በጨርቅ ወልውሎ ያበራዋል። ኳስ የሚመታው ራሱ ከእንጨት የተጠረበውን ዱላ ደግሞ የቀድሞ ቀለሙን ፍቆ፣ ስንጥቁን በኮላ ደፍኖ፣ ቫርኒሽ እየደራረበ ይቀባዋል። ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ከጡጫ እምብዛም በማትበልጥ አንዲት የእንጨት ራስ ላይ ሳምንታት ማሳለፉ ሚስቱን ሲያስቃት ኖሯል።

«የገዛ ቤታችን በር ሲነጫነጭ ዓመት አለፈው» ትለዋለች። «እሱም ኳስ መምታት ቢችል ኖሮ ይታይለት ነበር።»

ወደዚህ ሥራ የሳበው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቁ ከወጣትነቱ ጀምሮ የጎልፍ ሜዳ ሣር እያጨደና እያጠጣ የኖረ፣ ተጫዋቾቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ደግሞ በባዶው ሜዳ ላይ ብቻውን ቀርቶ የሚመታ ሰው ነበር። የተጣለ ወይም የተሰበረ ዱላ ባገኘ ቁጥር ለታናሹ ያመጣለታል፤ ታናሹ ያድሰዋል፤ ታላቁ ይመታበታል። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህ የሥራ ክፍፍል ተስማምተው አርጅተዋል። አንዱ በሌላው ሥራ ገብቶ ቃል ተናግሮ አያውቅም። አናጢው ራሱ አንድም ቀን ኳስ መትቶ አያውቅም።

«ዳቦ ጋግሮ ጦሙን የሚያድር ሰው አንተን አየሁ» ይለዋል ታላቁ።

«አንተ እየበላህልኝ ምን ቸገረኝ» ይመልሳል አናጢው።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ታላቁ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቀጥሎም ብርጭቆ ከእጁ ያመልጠው ጀመር። ሐኪሙ የነርቭ ሕመም መሆኑን፣ ከእጅ ተነሥቶ ወደ ሌላው አካል እንደሚሄድ፣ ቢያዘገየው እንጂ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ ሳይሸሽግ ነገረው። ታላቁ ይህን በሰማ ማግሥት በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር በክንዱ አቅፎ ወደ ወንድሙ ጓሮ መጣ።

አንሶላው ሲፈታ ትልቋ የእንጨት ዱላ ወጣች። ታላቁ በጉልምስናው ዘመን ኳስን ከዓይን እስክትጠፋ ድረስ ይልክባት የነበረችው ናት። እርጥበት ባለበት ዕቃ ቤት ለዓመታት ተረስታ ቫርኒሿ ተቀርፏል፤ ራሷን ከዘንጓ ጋር የሚያስረው ክር ላልቷል፤ የእጀታዋ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ይህችን ሥራልኝ» አለው።

«ምነው ጋሼ፣ ስንት ደህና ዱላ አለህ አይደል?»

«ይህችን ነው የምፈልገው። እጄ ሳይከዳኝ አንዴ ልምታባት። አንዴ በደንብ ከመታሁ ይበቃኛል፤ ከዚያ ወዲያ እጄም ወደ ፈለገበት ይሂድ።»

አናጢው ዱላዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት። «ጊዜ ትፈልጋለች» አለ።

«ያለኝን ሰጥቼሃለሁ» አለ ታላቁ።

አናጢው ሥራውን በሥርዓቱ ጀመረ። ክሩን ፈታ፤ አሮጌውን ቀለም በስለት ጫፍ ፋቀ፤ እንጨቱን መጀመሪያ በሻካራ፣ ከዚያ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሸው። ከቀለሙ ሥር ተደብቆ የኖረው የእንጨቱ ጅማት ብቅ ሲል ሚስቱን ከማድ ቤት ጠርቶ አሳያት። እሷም የባሏ ደስታ የሚገኝበትን ስፍራ ከጥንት ስለምታውቅ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ለረጅም ጊዜ አየችለት።

ታላቁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይመለከታል፤ የሰፈር ወሬ ያወራል፤ ያለፈውን ሳምንት ያወራውንም አሳምሮ ይደግማል። ከመሄዱ በፊት ዱላዋን በብረት መንጋጋው የጨበጠውን ሞርሳ ማጥበቅ ልማድ አደረገ። «ላጥብቅልህ» ብሎ የሞርሳውን መዘውር ይዞ ያዞራል። የሚለካው ሌላ ነገር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። በመጀመሪያ ሰሞን አናጢው ሞርሳውን ለመፍታት ሁለት እጁን ያሳርፍበት ነበር። እየቆየ ግን መዘውሩ በአንድ ጣት የሚዞር ሆነ።

«ምን አድርገህ ነው ያጠበቅኸው ጋሼ? ስፈታው እኮ ወገቤን ያዘኝ» ይለዋል በሚቀጥለው ቅዳሜ።

«ውሸትን እንደ ቫርኒሽ ነው የምትደራርበው አንተ» ይላል ታላቁ፤ ተያይተው ይስቃሉ።

የደከመ እጅ ቀጭን እጀታ አይጨብጥም። ስለዚህ አናጢው ከእጀታው ቆዳ በታች የጨርቅ ፕላስተር ጠመጠመ። እጁ ይበልጥ ሲደክም ቆዳውን መልሶ ፈታና ሌላ ዙር ጨመረ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጀታው ትንሽ ይወፍራል። አናጢው ስለዚህ ነገር ለወንድሙ አልነገረውም፤ ወንድሙም ዱላዋን ሲያነሣ እጀታው ከቀድሞው መለወጡን እያወቀ ነገሩን አላነሣበትም።

ቫርኒሽ የዝናብ ወራት ሥራ አይደለም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቶሎ አይደርቅም፤ በደረቀም ጊዜ አንዳንዴ ከውስጡ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። አናጢው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ በአንዱ የቫርኒሽ ንብርና በሚቀጥለው መካከል ብዙ ጠበቀ። የመጨረሻው ንብር በደረቀበት ቅዳሜ ዱላዋን ወደ መስኮቱ ወስዶ ሲያያት፣ በአናቷ ላይ ሰው መስተዋት ላይ የተነፈሰ ያህል ስስ ጭጋግ አየ። ታላቁ በርጩማው ላይ ነበር።

«አለቀች አይደል?» አለው።

«አላለቀችም። ጭጋግ ገብቶባታል።»

«የታለ?»

«ይኸው፣ ወደ ብርሃኑ አዙረህ እያት።»

ታላቁ ዱላዋን በሁለት ክንዱ ደግፎ አዞራት። «እኔ የማየው እንጨት ነው» አለ።

«ልፋቃትና እንደገና ልቀባት።»

«አንተ ሰው፣ ልመታባት ነው እንጂ ልድራት አይደለም። ስጠኝ።»

«እንዲህ ሆና ከእጄ አትወጣም ጋሼ። ትንሽ ታገሠኝ።»

ታላቁ ዝቅ ብሎ እጆቹን ተመለከተ። ሊቆጣ የቃጣው ይመስል ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠሪው በሠራው፣ መቺው በመታው ሳይነካኩ ኖረዋልና በዚያም ቀን መቺው ለሠሪው ፈቀደለት። «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዱላዋን በሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋደማት።

አናጢው ፋቃት። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ለስላሳው እንደገና አሻት። የመጀመሪያውን ንብር ቀባ፤ ጠበቀ፤ አሸ፤ ሁለተኛውን ቀባ። ሊደርቅ ከሚገባው በላይ ጠበቀ። የደረቀ መሰለውና አንድ ቀን ጨመረበት። ዝናቡ አላቆመም። ታላቁ አንድ ቅዳሜ በሴት ልጁ ተደግፎ መጣ፤ ሞርሳውን ላጥብቅልህ አላለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማው ባዶውን ዋለ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ።

አንድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ወደ ጓሮው ክፍል ገብታ በሩ ላይ ቆመች። አናጢው ቫርኒሽ ቀብቶ ብሩሹን እያጠበ ነበር።

«ጋሼ ዛሬም አይመጣም» አለችው።

«ዝናቡ ይዞት ይሆናል።»

«ልጁ ደውላ ነበር። ማንኪያ መያዝ ትቷል። እሷ ናት የምታበላው።»

አናጢው ብሩሹን ማጠቡን አላቆመም።

«ይህች ዱላ ምን ቀራት?» አለች።

«ሁለት ንብር። ከዚያ ክሩ ይጠመጠማል። ከዚያ እጀታው ላይ ትንሽ…»

«ከዚያም ሌላ ታገኝላታለህ» ብላ አቋረጠችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ተቀምጣበት አታውቅም። «አንተ ሰው፣ ስንት ዘመን አብሬህ ኖሬያለሁ። ሳይደርቅ ያስረከብከው ቁም ሣጥን የሰው ካፖርት ይዞ አልለቅ ብሎ፣ ባለቤቱ በራችን ድረስ መጥቶ ሲሰድብህ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላየሁብህም። አሁን የምትጠብቀው ቫርኒሹን አይደለም። ይህች ነገር እስካላለቀች ድረስ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ መስሎህ ነው።»

የነገረችው እውነት ነበር፤ እሱ ግን ለራሱ እንኳ ነግሮት የማያውቅ እውነት ነበር። ዱላዋ ካለቀች ወንድሙ ይመታል። ከመታ በኋላ «ይበቃኛል» ብሏል። አናጢው የፈራው ቫርኒሹ ላይ የታየውን ጭጋግ ሳይሆን ያንን «ይበቃኛል» ነበር። ፍርሃቱንም በሙያ ስም ሲያሽና ሲቀባ፣ ሲያሽና ሲቀባ ኖረ።

ብሩሹን እንደ ረጠበ አስቀመጠው። ክሩን በዱላዋ አንገት ላይ በጥድፊያ ጠምጥሞ አሰረ። ከዚያም በዚያው ረፋድ የተቀባው ቫርኒሽ ገና ጣት እየያዘ፣ ዱላዋን በዘንጓ አንሥቶ ወጣ። መጠቅለል አይቻልም ነበርና እንዲሁ ከፍ አድርጎ ያዛት። አውቶቡሱ ውስጥ ዱላ ያነሣ ሽማግሌ ሲገባ ያዩ ሰዎች ሁለት መቀመጫ ለቀቁለት። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለታላቁ የሚያወራለት ነገር ይሆን ነበር።

ታላቁ በቤቱ የኋላ በር ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎለት፣ ጎማ ባለው ወንበር ተቀምጦ ነበር። ከበሩ ባሻገር ማንም ያልሠራበት ባዶ ቦታ አለ፤ ዝናቡ ሣሩን አሳድጎታል። አሁን ግን ለጊዜው ቆም ብሏል።

«አለቀች?» አለ ታላቁ።

«አላለቀችም። እንዲሁ አመጣኋት።»

ልጁ ከቤት ውስጥ ኳሶች የሞሉበት ባልዲ አመጣች። አናጢው ተንበርክኮ እጀታውን በወንድሙ መዳፎች መካከል አስገባ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ በእጀታው ዙሪያ አስቀመጣቸው። እጁን ሲያነሣ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ። ደግሞ አጠፋቸው፤ ደግመው ተከፈቱ። አናጢው ከኪሱ ፕላስተር አውጥቶ የእጀታውን ቆዳ መፍታት ጀመረ።

«ተወው» አለው ታላቁ። «ውፍረቱ አይደለም።»

አናጢው ፕላስተሩን እንደ ያዘ ቀረ። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት ጋሼ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጭጋጉን ካሳየኸኝ ቀን ጀምሮ። ጭጋግ አልነበረም አልልህም። ነበር። ግን ፊትህ ሲበራ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ሥራ ተገኘ ብለህ። እኔም ቅዳሜዬን ወድጄው ነበር፤ ዝም አልኩህ።» ከዚያ ወደ ሣሩ አየ። «መምታቱን ግን ፈልጌ ነበር።»

ይህን የተናገረው ያለ ወቀሳ ነው። ወቅሶት ቢሆን ኖሮ አናጢው የሚመልሰው አያጣም ነበር። ልጁ የምትሠራው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባች።

«በል እንግዲህ አንተ ምታ» አለ ታላቁ።

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ስትሠራልኝ ኖረህ ምን እንደሠራህ ሳታውቅ ልትሞት ነው? ተነሥ።»

አናጢው ተነሣ። ኳስ አስቀመጠ፤ ዱላዋን አነሣ፤ ሰነዘረ። ዱላዋ አየሩን ብቻ መታች።

«እንጨት ልትፈልጥ ነው እንዴ? ትከሻህን ልቀቀው። እሷ ትሂድ፤ አንተ ተከተላት።»

ሁለተኛው ምት ኳሷን በጎኗ ነካት፤ ጥቂት ተንከባልላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ባልደረቀው ቫርኒሽ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። አናጢው አየው፤ አልጠረገውም።

«እጅህ ላይ ምን ተሰማህ?» ብሎ ጠየቀው ታላቁ።

«ነዘረኝ። እስከ ክርኔ ድረስ።»

«እንግዲያው አልመታሃትም። በደንብ ስትመታ እጅህ ምንም አይሰማውም። ኳሷ እንዳልነበረች ትሆናለች፤ ቀና ስትል ግን ሩቅ ናት።» ወደ ገዛ እጆቹ ዝቅ ብሎ አየ። «የእኔ እጅ አሁን ቀኑን ሙሉ ምንም አይሰማውም። ያኛው ግን ሌላ ነው። ድገም።»

ደገመ። አንዷ ወደ አጥሩ፣ አንዷ ወደ ጭቃው፣ አንዷ ከእግሩ ሥር ሄደች። ታላቁ ከወንበሩ ሆኖ ይቆጣል፣ ያርማል፣ «ዓይንህን አንሥተሃል» ይላል። የዱላዋ ራስ ሣርና ጭቃ ለብሶ ቫርኒሹ የት እንዳለ የማይታወቅ ሆነ። አናጢው ላብ በላብ ሆኖ ሰነዘረ፤ በእያንዳንዷ ምት እጁ ነዘረው፤ ወንድሙም ሳይጠይቀው ከፊቱ እያነበበ «አይደለችም፤ ድገም» አለው፤ የመጨረሻዋ ኳስ እስክትሄድና ባልዲው ባዶ እስኪሆን ድረስ።

«ልልቀማቸውና እንደገና እሞክራለሁ» አለ አናጢው።

ሣሩ እስከ ጉልበቱ ይደርስ ነበር። ጎንበስ እያለ ጥቂቶቹን አገኘ፤ የቀሩት ጠፉበት። «ወደ ግራ፣ ከድንጋዩ ማዶ» የሚለው የወንድሙ ድምፅ በመጀመሪያ በደንብ ይሰማው ነበር፤ ከዚያ ዝናብ ያዘለ ነፋስ ተነሣና ድምፁን ወሰደው። ቀና ሲል ልጁ በሩ ላይ ቆማ ወንበሩን ወደ ውስጥ እያዞረች ነበር።

«አጎቴ፣ ብርድ ገባው፤ ላስገባው ነው» አለችው። «እርስዎም ይግቡ።»

«እመጣለሁ» አላት።

በሩ ተዘጋ። ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ። አናጢው እርጥቡን ሣር በዱላዋ ራስ እየገለጠ ኳሶቹን መፈለጉን ቀጠለ።