የዓወል አውሮፕላን

ታላቅ ወንድሜ አብዱልጀሊል አውሮፕላን የመሣል አመል ነበረበት። አመል ያለችው እናቴ ናት፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም። አልዩ አምባ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። የልብስ ማስመሪያ ጠመኔው እጁ ከገባ የሰው ሱሪ ይረሳና በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የአውሮፕላን ክንፍ መሣል ይጀምራል። አንድ ጊዜ አጎታችንን ለሐጅ ሊሸኝ ቦሌ ሄደ። ሰው ተቃቅፎ ሲላቀስ እሱ የአውሮፕላኑን ጎማ ሲያይ አጎቴን ሳይሰናበት ቀረ። ሲመለስ ግን አውሮፕላኑን ሥሎ አጎቴ የተቀመጠበትን መስኮት ሳይቀር አሳየን። ውሸቱን ነው፤ እኛም ወደን አመንነው።

ታናሻችን ዓወል ፍየል ቢሥል ድስት ይመስላል። ጨው በአህያ ጭኖ አንኮበር የሚያወጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ የልጅ ጠላቱ ትከሻው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል ስሙ ተይዞ ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምመላሽ ቤታችን መጣ።

«እናንተ ቤት አውሮፕላን የሚሥል አለ አሉ» አለ። «በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተዋጊ አውሮፕላን እንፈልጋለን። ሠዓሊ የሆነ ሰው ግንባር አይሄድም፤ ለቅስቀሳ እዚሁ ይቀራል።»

አብዱልጀሊል የውትድርና ዕድሜው ስላለፈ ለራሱ አይሰጋም። ጠመኔውን ኪሱ ከተተና «ዓወል ነው የሚሥለው» አለ።

ሊቀመንበሩ እንደወጣ ዓወል ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰው ይስቅብኛል!»

«ይሳቅብህ። እኛን ከምታስለቅሰን ይሻላል።»

አዳራሹ ገብተው ከውስጥ ቆለፉ። ዓወል ቀለም ይበጠብጣል፣ አብዱልጀሊል ይሥላል። ዓወል ሆን ብሎ እጁን ቀለም ነክሮ በገበያ መሐል ያልፋል። ምሳ ሳደርስላቸው ሥዕሉን አይቼ ደነገጥኩ። ግድግዳውን ጥሶ የሚወጣ አውሮፕላን ነው።

«አበዛኸው» አልኩት። «ጨው ጫኝ የሣለው ይምሰል እንጂ! አንዱን ክንፍ አጣምምልኝ።»

«መሪማ፣ አጣምሜ መሣል አልችልም» አለኝ።

ዕድሜውን ሁሉ ጠመኔ ሲጭር የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ቀለምና ሰፊ ግድግዳ አግኝቷል። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። እኔም አዘንኩለትና ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። ምነው ያን ቀን ብሩሹን ነጥቄ ራሴ ባጨማለቅሁት!

የበዓሉ ቀን ከደብረ ብርሃን አንድ ካድሬ መጣ። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ንግግሩን ረሳ።

«ማነው የሣለው?»

ሊቀመንበሩ ዓወልን ገፋ አደረገው። ካድሬው ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ «እንዲህ ያለ እጅ እዚህ ቆላ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሠራዊቱ ነው የሚፈልገው» አለ። ያ «ሠዓሊ አይሄድም» ያለን ሊቀመንበር አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

አብዱልጀሊል ሰውን እየገፈተረ ወጣ። «እኔ ነኝ የሣልኩት! በአላህ ስም፣ እኔ ነኝ! እሱ መስመር ማስመር አያውቅም!»

ካድሬው ሳቀ። «ወንድሙ ሲወሰድበት ሁሉም ሠዓሊ ይሆናል» አለ። ሰውም አብሮ ሳቀ። በዚያው ቀን በሠራዊቱ መኪና ዓወልን ጭነው ዳገቱን ወጡ።

በኋላ አብሮት ዘምቶ ቆስሎ የተመለሰ አንድ የጫጫ ከተማ ልጅ ወሬውን አመጣልን። ጦር ሰፈር እንደደረሱ ለዓወል ብሩሽ ሰጥተው «ታንክ ሣል» አሉት። ሣለ። አይተው ጠመንጃ ሰጡት። በዓመቱ መርዶው መጣ።

ለለቅሶ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሸኽ ዘይኑልአቢዲን ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላህ ይዘንለት። ያን የመሰለ አውሮፕላን የሣለ እጅ አፈር በላው!»

የተቀመጠው ሁሉ «ኧረ እጁስ፣ እጁስ!» አለ። እናቴ አብዱልጀሊልን አየችው። እኔም አየሁት። እሱ መዳፎቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ተቀምጧል።

«አዎ ሸኼ» አለ። «እኔ እንኳ እንደ እሱ አልችልም ነበር።»