ወደ ጃዊ የተላከችው ሎሚ

ስሜነሽ አንድ ነገር ካመነች አመነች ነው። የደጋው የባንጃ ልጅ ናትና፣ ችግኝ የሚገድለው ውርጭ ብቻ እንደሆነ አምና ኖራለች። የእናቷን ድንች ውርጭ ሲያጠቁረው እያየች ያደገች ሴት ሌላ ጠላት ከየት ታምጣ? ዳንግላ ወርዳ ስታገባም ይህንኑ ፍርሃቷን ይዛው መጣች።

ስለዚህ የሎሚዋን ችግኝ ለመንገድ ስታሰናዳ አፈሩን በውሃ አራሰች፤ ዙሪያውን ገለባ ጠቀጠቀች፤ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ አለበሰች፤ በዚያ ላይ ያረጀ ጋቢ ጠቅልላ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። አራስ ልጅም እንዲህ አይጠቀለልም።

እንዲህ መሳሳቷ ያለ ነገር አልነበረም። ትልቁ ሎሚ መንገድ ሲሰፋ ከአጥሩ ጋር ተነቅሎ ሄዷል፤ ከሥሩ የተረፈችው ይቺ አንዲት ቡቃያ ናት። ላኪልኝ ያለቻት ደግሞ ልጇ ቤዛዊት ናት። ቤዛዊት ሽማግሌ ሳይላክ ከአንድ መካኒክ ጋር ጃዊ የገባች ጊዜ ስሜነሽ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብላ ስልክ ዘግታባታለች። አፏ ተናገረው እንጂ አንጀቷ አንድም ቀን እሺ አላለም። ግን ኩራት ይዟት አልደወለች፤ ልጅቱም የእናቷ ልጅ ናትና አልደወለች። በቀደም ድንገት ደወለችና፣ ስለ ጋብቻውም ስለ ይቅርታውም ምንም ሳታነሳ፣ «እማዬ፣ የሎሚያችን ቅጠል ሽታ ናፈቀኝ። የተረፈ ነገር ካለ ላኪልኝ፣ ደጄ እተክለዋለሁ» አለች። ስሜነሽ «እሺ» ብላ ዘጋችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከእሺ በላይ ቃል አልወጣትም፤ የቀረውን ችግኟ ትንገርልኝ ብላ ተወችው።

ጧት መናኸሪያ ወስዳ ጃዊ ለሚሄደው ሚኒባስ ሹፌር ለደሴ ሰጠችው።

«እማማ፣ ሰው ነው እንዴ የጠቀለሉት?» አለ ደሴ እየሳቀ።

«ብርድ እንዳይመታት ነው ልጄ። አደራህን!»

ደሴ ጣሪያው ላይ ጫነው፤ በላዩም የሰው ጆንያ ተደረበበት።

እኩለ ቀን ላይ ስሜነሽ ደጅ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ የመጋቢት ፀሐይ አናቷን ጠበሳት። ላቡ በጀርባዋ ሲንቆረቆር፣ ለጧቱ ብርድ የለበሰችውን ጋቢ ገፍፋ ጣለችው። እጇ እዚያው ቀረ። እሷን የዳንግላ ፀሐይ እንዲህ ካደረጋት፣ ያቺ ሚጢጢ ቅጠል በላስቲክ ታፍና፣ በመኪና ቆርቆሮ ላይ፣ በጃዊ ቆላ!

«ወይ እኔ! ቀቀልኳት!»

ደሴ ጋ ደወለች። አይሠራም። ደጋግማ ደወለች። በስንት መከራ አነሳ።

«ልጄ፣ ያንን ጥቅል ፍታልኝ! ላስቲኩን ቅደደው!»

«መንገድ ተዘግቶ ቆመናል እኮ እማማ። መቼ እንደሚከፈትም አይታወቅ።»

«በቆምክበት ፍታልኛ!»

«ጆንያው ሁሉ ከላዩ ነው፤ ብቻዬን አላወርደውም። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ተበትኗል። ቆይ እስቲ፣ ካገኘሁ...» ኔትወርኩ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ድምፁ የለም። ስሜነሽ ቆመች፣ ተቀመጠች። «እመቤቴ፣ አንድ ደመና ብቻ» ብላ ሰማዩን አየች፤ ጥርት ብሏል። እንዲያው ግራ ቢገባት ውሃ ቀድታ ችግኟ የተነቀለችበት ጉድጓድ ላይ አፈሰሰች። ሞኝነቷን ታውቃለች፤ እጇ ግን ሥራ አጥቶ መቀመጥ አልቻለም።

ሲመሻሽ ቤዛዊት ደወለች።

«እማዬ፣ ደረሰችልኝ።»

«እንዴት ነች?»

«ደህና ነች። ለምለም ነች።»

ከቤዛዊት ኋላ፣ ስሜነሽ ሰምታው የማታውቀው የወንድ ድምፅ፣ «ምን ለምለም አላት፣ ይሄማ ተቀቅሏል! ስነካው እየረገፈ እኮ ነው!» አለ።

«ዝም በል አንተ!» ቤዛዊት በሹክሹክታ ስትቆጣው ተሰማ።

ስሜነሽ ሰምቻለሁ እንዳትል የልጇን ደግነት ማፍረስ ነው። አጥፍቻለሁ እንዳትል፣ ልጅቱ ይህንን ነው የምትሸፍንላት። ሌላ ልላክልሽ እንዳትልም ሌላ የለም።

«ሰማሽኝ እማዬ?» አለች ቤዛዊት። «ፍሬ ስትይዝ መጥተሽ ታያታለሽ?»

«እንዴታ» አለች ስሜነሽ። «መጥቼ አያታለሁ።»