የመቅመቆው ቅባት

እስከዳር ባዶውን ብልቃጥ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከቅባቱ ሲሶው መትረፍ ነበረበት። ውስጡ ግን ተጠርጎ አልቋል፤ ጥጉ ላይ ቀጫጭን ጣቶች ያሰመሩት መስመር ይታያል።

"አለሚቱ፣ ይህን ምን አደረግሽው?"

አለሚቱ በማርቆስ ገበያ ሳልባጅ የምትሸጥ ሴት ናት። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዶቿን ዘርግታለች። ስምንት ሳምንት በቀኝ ክንዷ መድኃኒት ያለበትን፣ በግራዋ መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ስትቀባ ከርማለች። ሠርቷል። ቀኙ ቀልቶ የሌላ ሰው ክንድ መስሏል።

ቅባቱ የእስከዳር ሥራ ነው። ሩቅ ምሥራቅ ስድስት ዓመት ተምራ ይዛው በመጣችው ሙያ፣ ከቁይ ከተማ ገበያ የተገዛ የመቅመቆ ሥር ጨምቃ ዐይን በማያያቸው የስብ ከረጢቶች ውስጥ ከተተችው። ሊፖሶም ይባላሉ፤ ጭማቂውን ተሸክመው ቆዳ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። ቅባቱን ለሚሞክሩላት ሴቶች እንደ ስልቻ አድርጋ አስረድታቸዋለች፤ ሙቀት አይወዱም፣ በረዶ ከሆኑ ደግሞ ይፈነዳሉና ቅባቱ ይበላሻል። ያስፈረመቻቸው ወረቀት "ለማድያት" ይላል። ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ ደመላሽ ጠዋት በቴሌግራም በላከላት የማሸጊያ ሥዕል ላይ ግን ሁለት ሴቶች አሉ፤ ጥቁሯ አኩርፋለች፣ ቀይዋ ትስቃለች። ከሰዓት በኋላ አርባ ብልቃጥ የሚጭን መኪና ይልካል።

"ልጄን ምሥራቅን ቀባኋት" አለች አለሚቱ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። "ክንድ አይቶ የሚያገባ የለ።"

ልጇን ከደጅ ጠራቻት። ስድስት ዓመቷ ነው። ነጠላውን ከፊቷ ስታነሣ እስከዳር ወደ ኋላ አለች። የልጅቷ ፊት ከአንገቷ ተለይቷል፤ ጉንጮቿ ተቀቅሎ እንደ ተላጠ ድንች ገርጥተዋል፣ በከንፈሮቿ ዙሪያ ቆዳው ይቀረፋል። የጽጌረዳ ሽታ መጣ። ሽታውን የመረጠችው ራሷ እስከዳር ናት።

"ያቃጥልሻል?"

"ትንሽ።" ልጅቷ እያፈረች ፈገግ አለች። "አያቴ ድሮ 'ጥቁሯ' ነበር የምትለኝ። አሁን ምሥራቅ ትለኛለች።"

እስከዳር ዳግመኛ እንዳትቀባት፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ እንድታጥባት ለእናቲቱ ነገረቻት፤ ነገ ጠዋት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ዘንድ አብራቸው እንደምትሄድም አከለች። አለሚቱ እሺ አለችና ሌላ ብልቃጥ ለመነች። የልጅቷ ፊት ቀልቶ አንገቷ እንደ ጠቆረ ሊቀር ነው፤ ለአንገቷ ብቻ ትጨምርላት።

"አልሰጥሽም። ልጅ ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።"

አለሚቱ እስካሁን "እርስዎ" ስትላት ነበር። እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደች።

"አንቺ ቀይ ነሽ። በመልክሽ የጠራሽ ማን አለ? ነውሩንስ ለእኔ አስተማርሽኝ፤ ቅባቱን የሠራሽው ለማን ነው ታዲያ?"

እስከዳር በተማረችበት አገር አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይቀር ነበር፤ እዚያ ጥቁሯ እሷ ነበረች። ይህን ልትነግራት አሰበችና አፈረች። እዚያ የቀመሰችውን አውቃ፣ አገሯ ገብታ የጥቁረት ማስለቀቂያውን የሠራች ሰው ምን አፍ አላት?

እናትና ልጅ ሲወጡ እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ጽጌረዳው አልለቀቀም። ስልኳ ጮኸ፤ ደመላሽ ነበር፣ ውጤቱን ፈልጎ።

"ሠርቷል" አለችው።

"ብዬሽ ነበር። ለልጆች የሚሆን ለስለስ ያለውን ደግሞ አስቢበት፣ ዶክተር። እናቶች ከአሁኑ እየጠየቁኝ ነው።"

እስከዳር በመስኮቱ አየች። ልጅቷ ነጠላዋን እንደገና ተከናንባ ከእናቷ ኋላ ትሄዳለች።

"መኪናውን አትላክ" አለች። "ተበላሽቷል።"

"አሁን ሠርቷል አላልሽም?"

"ሁሉም ተበላሽቷል አልኩህ።"

ስልኩን ዘግታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። አርባው ብልቃጥ ታች መደርደሪያው ላይ ተሰልፏል፤ አንድም የተበላሸ የለም። አሠራሩን በቃሏ ታውቀዋለች፣ በሳምንት ውስጥ መልሳ ልትሠራው ትችላለች፤ በራሷም ያን ያህል አትተማመንም። የበረዶውን ክፍል በር ሳበችና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ትከት ጀመር።