የቢቸናው እንሶስላ

ምስራቅን ደም ግፊት ጥሏት ቀኝ ጎኗ ከዛለ ወዲህ፣ የሞጣውን ቤት ባሏ ውበቴ ብቻውን ተሸክሞታል። ቀን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ያበስላል፣ ያጥባታል፣ ያገላብጣታል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። የሱን ወገብ ሕመም የሚጠይቀው የለም።

ኅዳር ሲያልቅ ውርጭ ወረደ። አጥሩ ሥር የነበረው እንሶስላ ጠቁሮ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ አደረ። ምስራቅ ስታገባ ከእናቷ ጓሮ፣ ከቢቸና ያመጣችው ነው፤ በየክረምቱ ሥሩን ወቅጣ እጇንና እግሯን ትሞቅበት ነበር።

ውበቴ ዶማ ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ምስራቅ፣ በር ላይ ከተቀመጠችበት፣ ምላሷ እየተያዘ።

«ሞቷል እኮ። ነቅዬ ሽንኩርት ልትከልበት።»

«ላዩ ነው የሞተው። ሥሩን አትንካ።»

«ደክሞኛል ምስራቅ። ለደረቀ ነገር የሚተርፍ ጉልበት የለኝም።»

«ጉልበት ከሌለህ መቆፈሩንም ተወዋ!»

ውበቴ ዶማውን ጣለና ጭድ አምጥቶ አለበሰው። ለእንሶስላው አዝኖ አይደለም፤ ክርክሩ ሰልችቶት ነው።

በጋው ረዘመ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና፣ የፈረሰውን ግድግዳ ለመምረግ ጭዱን ሊወስድ ሄደ። ሲገልጠው ወፋፍራም ቡቃያዎች ከሥሩ ብቅ ብለዋል። ደስ ይበለው አይበለው አላወቀም፤ ብቻ እርጥቡ ጭድ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ገብቶ ነገራት።

«ነግሬህ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ፣ አንዷን ሥር ብቻ ቆፍሮ አወጣ። አጥቦ ሲወቅጥ ጎረቤታቸው ባንቺዓለም ገባች።

«ኧረ ጋሼ ውበቴ! ወንድ እንሶስላ ሲወቅጥ አይቼ አላውቅም። ይስጡኝ፣ እኔ ላሙቃት።»

«አሳዪኝ እንጂ አትቀሚኝ ልጄ።»

አሳየችው። የምስራቅ የታመመው እጅ ጣቶች ተኮማትረው ስለነበሩ፣ ውበቴ አንድ በአንድ ዘረጋቸው።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም» አለች ምስራቅ። «ግን እንዳይፈስ አጥብቀህ እሰረው።»

ሁለቱንም እጆቿን በጉሎ ቅጠል ጠቀለለና በጨርቅ አሰራቸው። ማታ ሲፈታቸው ሁለቱም እኩል ቀልተው ነበር። ምስራቅ እያገላበጠች አየቻቸው፤ ደካማውን በደህናው አንስታ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ባልደረቦቹ በእንሶስላው የቀሉ ጣቶቹን አይተው ሳቁበት። እሱ ግን መጋዙን አንስቶ እንጨቱ ላይ ጎንበስ አለ።