ከመጽሐፎቹ ጀርባ የለጠፍኩት ወረቀት

አማቴ፣ የባሌ አባት ኡስታ ኖርማት፣ አናጺ ናቸው። ከጃላላባድ ከተማ በላይ፣ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚያፈራው የዋልነት ዛፍ ደን በሚጀምርበት መንደር ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። በእኛ ዘንድ ሰው "ኡስታ" የሚባለው እጁ ሲመሰገን ነው፤ እሳቸውን በስማቸው ብቻ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከልጃቸው ከኢልሆም ጋር ስንጋባ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠሩልን። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። "የሰው ምራት ሳህን ይዛ ትመጣለች፤ የእኔዋ መጽሐፍ ይዛ መጣች" እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ያወሩ ነበር።

መደርደሪያው ግን ልሙጥ ነበር። ጌጥ የለው፣ መስታወት የለው፤ በዘይት ብቻ የታሸ ጣውላ። ጀርባው ላይ፣ ልክ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ጠቆር ያለ ክብ ምልክት አለ። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር ያለኝ የርእሰ መምህርታችንን የክላራ ኦፓን (ኦፓ በእኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው) ሳሎን ካየሁ በኋላ ነው። የእሷ ቁም ሣጥን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ቤቴ ስመለስ የእኔው የዶሮ ቆጥ መሰለኝ።

እኛ መምህራን በየወሩ በተራ እየተገባበዝን ሻይ እንጠጣለን። ጥቅምት ላይ ተራው የእኔ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ገበያ ወርጄ የግድግዳ ወረቀት ገዛሁ፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ወርቃማ አበባ ጣል ጣል ያለበት። መጽሐፎቹን ሁሉ አወረድኩ። የየደርቡን ጀርባ ለክቼ ቆረጥኩ፣ የዱቄት ሙጫ አፍልቼ ቀባሁ፣ ከመሀል ወደ ዳር በደረቅ ጨርቅ እየጠረግሁ ለጠፍኩ። ኢልሆም ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ።

"ለእንጨት ቀሚስ ሰፋሽለት?"

"አላማረም?"

"አምሯል። አባባ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ነው እንጂ።"

"አባባ ምን ይላሉ? ገጠር ናቸው፣ መቼ ያዩታል?" አልኩት። እንደዚህ ብዬ መናገሬን ዛሬም አልረሳውም።

በግብዣው ቀን ሰባት ሴቶች መጡ። ሳምቡሳ መሰሉ ሳምሳችን ወጣ፣ ሻይ ተቀዳ። የሂሳብ መምህሯ ማስቱራ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነችው፣ ሳትቀር ወረቀቱን አደነቀች። ክላራ ኦፓ ሲኒዋን እያዞረች፣

"ሳኖባር፣ ይህን የሠሩት አማትሽ ናቸው አይደል?" አለችኝ። "ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የሚሠራልን ሰው እየፈለግን ነው። ለሳቸው ብንሰጣቸውስ?"

"ከእሳቸው የተሻለ የት ይገኛል!" አልኩ፤ ደረቴ ተነፋ።

አፌን ሳልዘጋ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ነበሩ። የአዲሱን ምርት ዋልነት በጆንያ ተሸክመው በመንደሩ መኪና መጥተዋል። ሴቶቹ ሁሉ ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ የክብሩን ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በእጃቸው አብሰው ዱዓ አደረጉ፣ ቀና ሲሉ መደርደሪያውን አዩት። ሲኒውን ሳያነሱ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ጀርባው ምን ሆነ?"

አንድ ቃል በቂ ነበር። ወድጄው ነው፣ ያምራል ብዬ ነው፣ ማለት ብቻ። ነገር ግን ሴቶቹ ያዩኛል። የአማቷን ሥራ አፍራበት ሸፈነችው የሚሉኝ መሰለኝ፤ እውነቱም እሱ ነበር።

"ተሰንጥቆ ነው፣ አባባ" አልኩ። "ከላይ እስከ ታች። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ቀርቶ መሰለኝ።"

ማስቱራ ታዲያ ዝም ማለት አይሆንላትም፤

"ውይ ኡስታ! ለገዛ ልጅዎ እርጥብ እንጨት ከሰጡ፣ ለባዳማ ቅጠሉ ያልረገፈ ዛፍ ሊያቆሙለት ነዋ!" አለች። ሁሉም ሳቁ። ክላራ ኦፓ አልሳቀችም፤ ወደ ሲኒዋ አቀረቀረች። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

አማቴ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "አራት ዓመት አድርቄው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደግሞ፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ዓይኔም እጄም እያረጁ ነው" አሉኝና ሁለተኛ ሲኒ ሳይቀዳላቸው ተነሡ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እዚያ ብቻችንን ነበርን። እዚያም አልነገርኳቸውም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ኢልሆም ከመንደር ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

"አባባ ምን እንደነካቸው አላውቅም። የጣውላ ክምራቸውን በሙሉ አፍርሰው አንድ በአንድ እያንኳኩ ያዳምጣሉ። ይባስ ብሎ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ሣጥን የሠሩለትን፣ አልጋ የሠሩለትን ሁሉ 'ተሰንጥቆባችኋል ወይ? አሳዩኝ' እያሉ ይለምናሉ። ሰዉ መሳቅ ጀምሯል። እስቲ ያን ስንጥቅ ልየው።"

እጁን ወደ ወረቀቱ ሲዘረጋ ያዝኩት። "ይቀደድብኛል፣ ተወው" አልኩ። ለባሌም ዋሸሁ። አንድ ቅዳሜ እውነቱን ልነግራቸው ብዬ የመንደሩ መኪና እስከሚቆምበት ሄድኩ፤ መኪናው ሞልቶ ሲነሳ ቆሜ አየሁትና ተመለስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው መጡ። ኢልሆም አልነበረም። አዲስ ጣውላ በትከሻቸው፣ የመሣሪያ ቦርሳቸው በእጃቸው።

"ጀርባውን ልቀይርልሽ መጣሁ። ይኼኛው ስምንት ዓመት ጣሪያ ሥር የከረመ ነው" አሉ፤ እንደ ባለ ዕዳ ነበር ድምፃቸው። መጽሐፎቹን እየተቀበልኳቸው አወረድን። ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረው ወረቀቱን አራሱት። ሳይቀደድ በጥንቃቄ ከጥግ ጀምረው ላጡት፤ ኋላ መልሼ እንድጠቀምበት ብለው ነው መሰለኝ። እኔ መጽሐፍ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

የመሀሉ ወረቀት ተነሣ። ጣውላው እንደነበረው ነው። አማቴ በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። መነጽራቸውን አወጡና እንደገና ዳሰሱት።

"የት ጋ ነው? አልታየኝም፣ ልጄ።"

"የለም፣ አባባ።"

"የለም ማለት?"

"አልተሰነጠቀም። ዋሽቼ ነው። ወረቀት የለጠፍኩት ልሙጥነቱ አሳፍሮኝ ነው። በሰው ፊት ሲጠይቁኝ..."

ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቁጣውን እመኘው ነበር።

"ታዲያ ደርቆ ነበር?" አሉኝ።

"ደርቆ ነበር፣ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "እጄ ከዳኝ ብዬ ነበር። መሥራት ላቆም ነበር።"

መሬቱ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እሳቸው ተነሡና፣ "ዱቄት አለሽ?" አሉ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ይተዉት፣ ራሴ ቀድጄ እጥለዋለሁ አልኳቸው። አልሰሙኝም። ሙጫውን ራሳቸው አፈሉ፤ ወረቀቱን እኔ ከለጠፍኩት አሳምረው፣ አበባውን ከአበባው እያገጣጠሙ መልሰው ለጠፉት።

"ቤቱ ያንቺ ነው፤ የወደድሽውን አድርጊበት። ምክንያቱን ግን በእኔ እንጨት ላይ አትፈልጊ" አሉኝ።

ለኢልሆም ያንኑ ማታ ነገርኩት። አራት ቀን አላናገረኝም። ሰኞ ክላራ ኦፓ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርኳት። የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ለሌላ አናጺ ተሰጥቷል። "ደግ አደረግሽ መናገርሽ። ግን የሰማነው ሰባት ነን፤ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የምትነግሪው?" አለችኝ። በምሳ ሰዓት በመምህራን ክፍል ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ።

ከዚያም ወደ መንደሩ ወጣሁ። አማቴ የዞሩባቸውን አሥራ አንድ ቤቶች ከኢልሆም ጋር ዞርኩ፤ በየበሩ "የአማቴ እንጨት ደረቅ ነው፤ ውሸታሟ እኔ ነኝ" አልኩ። አንዳንዱ በሐዘኔታ ሻይ ቀዳልኝ። አንዲት አሮጊት ግን የልጅ ልጃቸውን አልጋ በምርቃት ፈንታ በጥርጣሬ ሲያዩት እንደሰነበቱ ነግረውኝ፣ "ሂጂ እባክሽ፣ ፊትሽን አልየው" ብለው በሩን ዘጉብኝ። እውነታቸውን ነው።

አማቴ ዛሬም ይሠራሉ። ሲመጡ እንደ ቀድሞው ልጄ ይሉኛል፣ ዋልነቱም አልቀረብንም። ባለፈው ዓመት ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጻፊያ ጠረጴዛ አስፈለጋት። ኢልሆም አየኝ፤ ንገሪያቸው ማለቱ ነበር። አፌን ሞልቼ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። እሳቸውም "ልሥራላት" አላሉም። ከገበያ ገዛንላት።