የአባታቸው ጉድጓድ

ኢስሜይ የውኃ ጉድጓዱን የብረት ክዳን ከፍ እንዳደረገች ግማቱ ፊቷን መታት። አፍንጫዋን በሽርጧ ይዛ ጎንበስ አለች። ውኃው ላይ የእርግብ ኩስና ላባ እንደ ወተት ስልባቦት ተጋግሯል፤ በአንዱ ጥግ ሆዱ የተነፋ አይጥ ጥርሱን አግጥጦ ይንሳፈፋል።

በካሪያኩ ደሴት ወንዝ የለም። ሰው የሚጠጣው ከጣራው በአሸንዳ ወርዶ ከቤቱ ሥር የሚጠራቀመውን ዝናብ ነው። በጋው አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን አሸንዳው ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጣራው የወራት ቆሻሻውን እስኪያራግፍ ድረስ ውኃው ለሜዳ ነው። ትናንት ዝናቡ ሲወርድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ቤት የነበረው ታናሽ ወንድሟ አልስተን ነው።

«አንተ! አሸንዳውን አላዞርከውም?»

«በጋውን ሙሉ ጠብ ሳይል ከርሞ የመጣውን በረከት ሜዳ ላይ ልድፋው እትዬ? ጉድጓዱ ደርቆ ነበር እኮ። ክፍል የተከራዩን እንግዶች ደግሞ ዛሬ ይገባሉ።»

«ሂድና በረከትህን አሽትተው!»

«ትንሽ ክሎሪን ጣል አደርግበታለሁ። ይህንኑ ጠጥተን አይደል ያደግነው?»

«እኔ አይጥ ጠጥቼ አላደግኩም። ቦቴ አስመጣ።»

አልስተን እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «አባታችን በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ እያለ በራችን ላይ ቦቴ ይቁም? መንደሩ ሲስቅብን ሊውል?»

ጥሏት ሄደ። በመስኮት ስታየው አይጡን በረጅም እንጨት ጎትቶ አወጣና አጥሩን አሻግሮ ወረወረው። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያ መጥረጉ ከአይጡ ይልቅ ዘገነናት። ቦቴ ይጠራል ብላ ግን ወደ ምሳ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዶቹ ለምሳ ደረሱ፤ ኤሊን የምትባል ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡርና ባሏ። ኤሊን የትንኝ ቅባቷን፣ መድኃኒቷንና የፓስፖርቷን ቅጂ በየከረጢቱ ለይታ የመጣች ጥንቁቅ ሴት ናት። ዓሣውና የዳቦ ፍሬ የሚሉት የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድማ ጠየቀች።

«ይቅርታ፣ ሐኪሜ ስለ ውኃው ሳትጠይቂ እንዳትጠጪ ብሎኛል። ደህና ነው?»

አልስተን ሎሚ የተቆረጠበት ማንቆርቆሪያ ይዞ ብቅ አለ። «የሰማይ ውኃ ነው እመቤቴ! ከዚህ የጠራ ከየት ይመጣል?»

«ቦቴ መጥቶ ነበር?» አለች ኢስሜይ።

«እትዬ ቀልድ ትወዳለች» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ብርጭቆ ሙሉ ቀድቶ ዓይኑን ሳያሽ ጨለጠው፤ ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ይኸው!» አለ።

ኢስሜይ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየች። ሰው መንደር እንዳይስቅበት ብሎ ይህንን ይውጣል? ወንድሟን እንደዚያን ቀን ተጸይፋው አታውቅም። ኤሊን ግን ልቧ አርፎ ፈገግ አለችና ብርጭቆዋን አነሳች።

«እንዳትጠጪ!» ኢስሜይ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቀቻት። «ዛሬ ጠዋት የሞተ አይጥ ወጥቶበታል። የጣራው ኩስ ሁሉ አለበት።»

ኤሊን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ባሏ ተነስቶ ሻንጣዎቹን አነሳ። ኢስሜይ እስከ በር ሸኘቻቸውና ለዓመታት ወደተኳረፈቻት ጎረቤቷ ወደ ቬርና ቤት ጠቆመቻቸው። ቬርናም ክፍል ታከራያለች፤ ውኃዋም ንጹሕ መሆኑን ኢስሜይ ታውቃለች።

«በሰው ፊት ገደልሽኝ» አለ አልስተን።

ኢስሜይ የጉድጓዱን መፍሰሻ ከፈተች። ጥቁሩ ውኃ እየተንዶቀዶቀ ሲወጣ ቆማ አየችው፤ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ጠብታ እንደማይኖራቸው ታውቃለች። ውኃው ሲያልቅ መሰላል አስገብታ፣ መፈግፈጊያ ብሩሽ ይዛ ወረደች። ግድግዳው እጇ ላይ ይሙለጨለጫል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከላይ አልስተንን ሲያስመልሰው ሰማች። ትንሽ ቆይቶ የገረጣ ፊቱ በጉድጓዱ አፍ ብቅ አለ።

«እትዬ... ሆዴን...»

«ዞር በል ከዚያ» አለች ቀና ሳትል። «እዚህ ውስጥ እንዳታስመልስብኝ፤ አሁን ነው ያጠብኩት።»